ጤፍ ቆሞ እንዲታጨድ

ከመስቀል በዓል በኋላ ባለው ሳምንት ወደ አድኣ ወርደን ነበር። በዚያ ወራት የአድኣን ሜዳ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የጤፍ ማሳ ነፋስ በነካው ቍጥር እንደ ውሃ ይማታል። ዘለላው ገና አረንጓዴ ነው፤ ፍሬው ግን መያዝ ጀምሯል። እኛም ይህን እያደነቅን ቢሾፍቱ አደርን። በዚያው ሌሊት ከነፋስ ጋር የተደባለቀ ዝናብ ሲወርድ አደረና በማግሥቱ ጧት ወደዚያው ማሳ ብንመለስ፣ ትናንት ቆሞ ያየነው ጤፍ ከብት የተንከባለለበት መስሎ መሬት ላይ ተኝቶ አገኘነው።

ባለማሳው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ከማሳው ዳር ቆመዋል።

«እንዴት አደሩ አባቴ?» አልናቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ፤ እኔስ ደኅና አደርኩ፤ እሱ ነው የተኛው» ብለው በበትራቸው ወደ ጤፉ አመለከቱን።

ከዚያም ማሳውን እየዞሩ አሳዩን። አንድ ነገር ዐይናችንን ሳበው። ማዳበሪያ በርከት ተደርጎ የተሰጠው ወገን ፈጽሞ ተነጥፏል፤ ማዳበሪያ ያልደረሰው ጥግ ግን ቀጭንና ቢጫ ቢሆንም ቆሟል። ሽማግሌውም ነገሩን ከእኛ ይልቅ አሳጥረው ነገሩን፤ ብናበዛ ይተኛል፣ ብናሳንስ ይቀጭጫል አሉ።

ይህ የጤፍ መጋሸብ የሚባለው ችግር ነው። የጤፍ አገዳ ረዥምና ቀጭን ነው፤ ናይትሮጅን ያለበት ማዳበሪያ ሲያገኝ ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል፣ ዘለላውም ይከብዳል። አገዳው የራሱን ራስ መሸከም ያቅተዋል ማለት ነው። ዝናብና ነፋስ ሲጨመርበት ይወድቃል። የተኛው ጤፍ ፀሐይ በደንብ ስለማያገኝ ፍሬው አይሞላም፤ እርጥብ መሬት የነካውም ይበቅላል ወይም ቀለሙ ይለወጣል። ቀለሙ የጠቆረ ነጭ ጤፍ ገበያ ላይ ምን ዋጋ እንደሚያወጣ ለእናቶቻችን መንገር አያስፈልግም። የሚያጭደውም ሰው ቢሆን ወገቡን ሁለት ጊዜ ማጠፍ አለበት። የማጨጃ መኪና ላስገባ ቢል ደግሞ መኪናው ከመሬት የተጣበቀውን ማንሣት አይችልም።

በአገራችን ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ገበሬዎች ጤፍ ይዘራሉ፤ የሚይዘውም መሬት ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ምርት ግን በአማካይ ከ20 ኩንታል እምብዛም አያልፍም። ስንዴና በቆሎ ከዚህ ይበልጣሉ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም፣ መጋሸብ ከዋነኞቹ አንዱ መሆኑን የዘር አዳቃዮች ሁሉ ይስማሙበታል።

እንግዲህ ሌላው ዓለም ይህን ችግር በስንዴና በሩዝ ላይ እንዴት ተወጣው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።) መልሱ አጭር ነው፤ ቁመቱን አሳጠሩት። ዶክተር ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ ያዳቀሉት ስንዴ አጭርነቱን የወረሰው ኖሪን 10 ከተባለ የጃፓን ስንዴ ነው። ለዚህም ሥራ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝተዋል። በ1966 በፊሊፒንስ የወጣው አይ አር 8 የተባለው ሩዝም እንዲሁ አጭርነቱን የወሰደው ከአንድ የታይዋን ሩዝ ነው። አጭሩ ተክል ማዳበሪያውን ሲበላ ኃይሉን ወደ አገዳ ሳይሆን ወደ ፍሬ ይልከዋል፤ ቢከብደውም አይወድቅም።

ለጤፍስ እንዲህ ያለ አጭር ዘመድ ይገኝለት ይሆን? በአዲስ አበባ የሚገኘው የብዝሃ ሕይወት የዘር ባንክ ከ5 ሺህ በላይ የጤፍ ናሙና ያከማቸ ነው። በውስጡ ቀዩም ነጩም፣ ቶሎ የሚደርሰውም የሚዘገየውም አለ። ነገር ግን ቁመቱ አጥሮ አገዳው እንደ አይ አር 8 ጠንክሮ የሚቆም ዘር ከዚያ ሁሉ ውስጥ አልተገኘም።

ማዳቀሉም ቢሆን በጤፍ ላይ ቀላል ነገር አልነበረም። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ በላይ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ጤፍ ከጤፍ ጋር ሊዳቀል አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ከአንድ ሰዓት ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ነው ማዳቀል የተቻለው። በ2006 የወጣውና በገበሬው ዘንድ እጅግ የተወደደው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የዚሁ ጥበብ ልጅ ነው። ነገር ግን አዳቃይ የሚያዳቅለው ያለውን ነው። ከሁለቱ ወላጆች አንዱ ጠንካራ አገዳ ከሌለው ልጁ ከየት ያመጣዋል?

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፋችን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ያልተገኘውን ዘር መሥራት ይቻላል ወይ?

ነገሩ የጀመረው በ1927 ነው። ኸርማን ሙለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የፍራፍሬ ዝንቦችን ኤክስሬይ ላይ አውጥቶ ልጆቻቸውን ቢመለከት፣ ክንፋቸውም ዐይናቸውም የተለወጠ ብዙ ዝንቦች አገኘ። በባሕርይ አንዳንዴ ብቻ የሚደርሰውን የዘር ለውጥ፣ ሙቴሽን የሚባለውን፣ በጨረር ማብዛት እንደሚቻል አሳየ ማለት ነው። በዚህም በ1946 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። በማግሥቱ ዓመት በ1928 ሉዊስ ስታድለር ያንኑ በገብስና በበቆሎ ላይ አደረገው። የሚያስገርመው ግን ስታድለር ራሱ ይህ ነገር ለገበሬው ይጠቅማል ብሎ እምብዛም አላመነም ነበር። ምክንያቱም ከሚገኙት ለውጦች አብዛኞቹ ጉድለት ናቸው፤ ቅጠሉ የነጣ፣ ዘሩ የመከነ፣ ቁመቱ የተጣመመ ነው። ስዊድኖች ግን ተስፋ ሳይቆርጡ በገብስ ላይ ገፉበት።

የኋለኞቹ ዓመታት የስዊድኖቹን ድካም ከንቱ አላደረጉትም። ጎልደን ፕሮሚዝ የተባለው፣ የስኮትላንድ ውስኪ ጠማቂዎች ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበት ገብስ፣ በጋማ ጨረር የተገኘ አጭርና ጠንካራ አገዳ ያለው ነው። በጃፓን በ1966 የወጣው ሬይሜይ፣ በካሊፎርኒያም በ1976 የወጣው ካልሮዝ 76 የተባሉት ሩዞች እንዲሁ የጋማ ጨረር ልጆች ናቸው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ከ1964 ጀምሮ ለዚህ ሥራ የጋራ ክፍል አቋቁመዋል፤ በኦስትሪያ በዛይበርስዶርፍ ያለው ቤተ ሙከራም ከየአገሩ የሚላክለትን ዘር ጨረር እያሳየ ይመልሳል። በመዝገባቸው የሰፈረው በዚህ መንገድ የተገኘ የዘር ዓይነት ከ3 ሺህ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ተመራማሪዎች የሩዝን ጂን ለይተው ለማንበብ በቻሉ ጊዜ፣ የአይ አር 8 አጭርነት፣ የሬይሜይ አጭርነት፣ የካልሮዝ 76ም አጭርነት ከአንድ ጂን ጉድለት የመጣ መሆኑ ታወቀ። ታይዋን ላይ ባሕርይ ያበላሸችውን ቃል፣ ጃፓንና ካሊፎርኒያ ላይ ጨረር በሌላ ፊደል አበላሽቶት ተገኘ። ይህ ጂን ተክሉ የሚረዝምበትን ቅመም የሚሠራ ነው። እንግዲያውስ የትኛው ጂን ቢጎድል ተክሉ እንደሚያጥር ከታወቀ፣ ለምን በጭፍን እንፈልጋለን? ለምን ያንኑ ጂን ጤፍ ውስጥ ሄደን አንፈልገውም?

የቀድሞው መንገድ ከመልክ ወደ ጂን የሚሄድ ነው። አጭር ተክል አይተህ ምን ሆኖ አጠረ ብለህ ትመረምራለህ። አዲሱ መንገድ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከጂኑ ተነሥተህ ወደ ተክሉ ትሄዳለህ። ሊቃውንቱም ስሙን ሪቨርስ ጄኔቲክስ ብለውታል፤ እኛ የኋልዮሽ ፍለጋ ብንለው የሚያስቀይማቸው አይመስለንም።

ሥራው እንዲህ ነው። ጨረር በማሳየት ፈንታ የጤፉን ፍሬ ኢ ኤም ኤስ በተባለ መድኃኒት ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ይህ መድኃኒት አደገኛ ስለሆነ የሚሠራው ሰው በጓንትና በጥንቃቄ ነው የሚይዘው። መጠኑ ከበዛ ዘሩ ሁሉ ይሞታል፤ ካነሰም ምንም አይለወጥም። ከዚያ ፍሬው በደንብ ታጥቦ ይዘራል። መድኃኒቱ የጤፉን የዘር ጽሑፍ፣ ዲ ኤን ኤ የሚባለውን፣ እዚህም እዚያም አንዳንድ ፊደል ይለውጥበታል። የጤፍ ሙሉ የዘር ጽሑፍ ወደ 700 ሚሊዮን ፊደል ያህል መሆኑን አንባቢ ያስብ። ከዚያ ውስጥ የምንፈልገው በአንድ ቃል ላይ የተለወጠችውን አንዲት ፊደል ነው።

ይህን ለመረዳት የድሮ ብራና ጸሐፊዎቻችንን ማስታወስ ይጠቅማል። ሺህ ደብተሮች ከአንድ ዳዊት ላይ ሲገለብጡ ውለው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ስሕተት ሠሩ እንበል። ከሺሁ ዳዊት ውስጥ በአንድ በተወሰነ መዝሙር፣ በአንድ በተወሰነ ቃል ላይ የተሳሳተው የትኛው ነው? ሺሁን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ዕድሜ ይፈጃል።

በ2000 ክሌር ማካለም፣ ሉካ ኮማይና ስቲቨን ሄኒኮፍ የተባሉ የሲያትል ተመራማሪዎች ለዚህ አንድ ብልኀት አስታወቁ፤ ቲሊንግ ይባላል። በመጀመሪያ ከእያንዳንዱ ተክል ዲ ኤን ኤ ይወስዱና የስምንቱን ያህል በአንድ ብልቃጥ ይቀላቅላሉ። ቀጥሎ የሚፈልጉትን ጂን ብቻ ያበዙታል። ከዚያ ያሞቁትና መልሰው ያቀዘቅዙታል። ዲ ኤን ኤ እንደ ዚፕ ሁለት ወገን ጥርስ ያለው ነው፤ ሲሞቅ ይፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ታዲያ ሲገጥም ጤናማው ወገን ከተለወጠው ወገን ጋር የተጣመደ እንደሆነ፣ የተለወጠችው ፊደል ያለችበት ቦታ አይገጥምም፤ ያብጣል። ያንን ያበጠ ቦታ እየፈለገ የሚቆርጥ አንድ ኤንዛይም አለ። የተገኘውም ከሴለሪ ነው፤ ሾርባ ውስጥ ከምንጨምረው ቅጠል! የተቆረጠ ነገር ከታየ ከስምንቱ አንዱ የምንፈልገው ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ስምንቱን አንድ በአንድ መርምሮ ባለቤቱን ማግኘት ቀላል ነው። ተክሉ ገና ቡቃያ ሳለ፣ ቁመቱን ለማየት አራት ወር ሳይጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ይታወቃል።

ለጤፍ ይህ ዘዴ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ጤፍ የዘር ሀብቱን የወረሰው ከሁለት የጥንት ሣሮች ነው። ክሮሞሶሞቹ 40 ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጂንም ሁለት ዓይነት ቅጂ አለው። ቤት ውስጥ ሁለት ኩራዝ ቢበራ አንዱ ቢጠፋ ጨለማው አይታወቅም። ጤፍም እንዲሁ አንዱ ቅጂ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንለታል፤ ስለዚህ ለውጡ ማሳ ላይ ለዐይን አይታይም። ጂኑን ለሚያነብ ግን አይሰወርም። ይህንንም ሥራ ያቃለለው በ2014 ጸደይ የተባለው ጤፍ ሙሉ የዘር ጽሑፉ መነበቡና መታተሙ ነው።

ይህን ሁሉ በጤፍ ላይ የሞከሩት በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ የመሯቸው ተመራማሪዎች ከደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው። በኢ ኤም ኤስ የተዘፈዘፈ ጤፍ በብዛት አብቅለው፣ በሩዝ ላይ ቁመት እንደሚወስኑ የታወቁትን ጂኖች ቅጂ ፈለጉበት። በዐይንም ማየት አልተዉም፤ የመጀመሪያው አጭርና የማይተኛ ጤፍ የተገኘው ማሳውን በዐይን በመፈተሽ ነበር። ጂኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚያ ጤፍ ላይ የተገኘው ነገር እኛን እጅግ አስደንቆናል። ውጤቱ በ2015 ታትሟል። የጎደለው ጂን አልፋ ቱቡሊን የሚባለው ነው። ይህ በእያንዳንዱ የተክል ሕዋስ ውስጥ ደቃቅ ቧንቧዎችን የሚሠራ ነው፤ ሕዋሱ ወደየት እንደሚያድግ የሚመሩት እነርሱ ናቸው። ሩዝ ላይ ይህ ጂን የጎደለ እንደሆነ ተክሉ ድንክ ይሆናል፣ አገዳውም ይደክማል፤ ለምንም አይረባም። ጤፍ ግን ሁለት ቅጂ ስላለው አንዱ ብቻ ተበላሸ፤ ደኅነኛው ቅጂ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ተክሉ ድንክ ሳይሆን መካከለኛ ሆነ፤ አገዳውም ጸና። ቅድም ለፈላጊው መጋረጃ ሆኖበት የነበረው የጤፍ ሁለትነት እዚህ ላይ ሲጠቅም ተገኘ።

ነገር ግን ከመድኃኒቱ የወጣ ተክል እንዳለ ለገበሬ አይሰጥም። ያች የምንፈልጋት ፊደል ስትለወጥ ሌሎች ብዙ ፊደላትም አብረው ተለውጠዋል፤ ከነዚያ ውስጥ ጎጂው አይታወቅም። ስለዚህ ከታወቀ ጤፍ ጋር ማዳቀልና ትውልድ በትውልድ መምረጥ ያስፈልጋል። የዶክተር ታረቀ የማለዳ ሥራ እዚህ ላይ ይመለሳል፤ አዳቃዩ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ማጉያ መነጽሩን ዐይኑ ላይ ማድረግ አለበት። በዚህ ዓይነት 3774-13 በተባለ ቍጥር የተመዘገበው አጭር ጤፍ ቀይ ሙሪ ከተባለው ያገር ጤፍ ጋር ተዳቅሎ፣ ልጁ በ2017 ተስፋ ተብሎ ለገበሬዎች እንዲሰጥ ተፈቀደ።

ይህን ስንናገር አንዳንድ አንባቢ «ይህ ነገር በሰው ላይ ጉዳት አያመጣም ወይ?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው አይናቅም። ጋማ ጨረር በዘሩ ውስጥ ያልፋል እንጂ በውስጡ አይቀርም፤ ኤክስሬይ የተነሣ ሰው ጨረር ይዞ ወደ ቤቱ እንደማይገባ ሁሉ ዘሩም ጨረር አያወጣም። መድኃኒቱም ታጥቦና ፈርሶ ያልቃል። ከሌላ ፍጡር የመጣ ጂን የለበትም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 በሰጠው ፍርድ፣ በማናቸውም ዘዴ ሙቴሽን የተደረገበት ተክል ጂኑ እንደተለወጠ የሚቈጠር መሆኑን ገልጾ፣ በጨረርና በመድኃኒት የሚሠራው ግን ለረዥም ጊዜ ያለ ጉዳት የኖረ ስለሆነ ከጥብቁ ሕግ ውጭ አድርጎታል። ክሪስፐር በተባለው አዲስ ዘዴ፣ ማለትም የተፈለገችውን ፊደል ብቻ ለይቶ በመቁረጥ የሚሠራው፣ ከጥብቁ ሕግ በታች እንዲሆን ፈረደ። ብዙ ሊቃውንት ይህ ፍርድ ተገላቢጦሽ ነው ይላሉ፤ በጭፍን ሺህ ቦታ የሚለውጠው ነፃ ወጥቶ አንድ ቦታ የሚለውጠው ታሰረ ማለት ነውና። እኛም ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ይመስለናል። በዚህ በክሪስፐር ዘዴ በጤፍ ላይም ተሠርቷል፤ በ2022 የታተመ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ያ የአይ አር 8 ጂን በጤፍ ውስጥ አራቱም ቅጂው ተቆርጦ ጤፉ አጥሯል፤ መጋሸቡንም ተቋቁሟል።

ይህን ሁሉ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ሳይሆን ባገኘነው አማርኛ ለሽማግሌው ነገርናቸው። እርሳቸውም በጥሞና ከሰሙን በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ እኛም አላሰብነውም ነበር።

«ልጆቼ፣ ቁመቱ ካጠረ ጭዱስ?»

እውነታቸውን ነው። የጤፍ ጭድ ለበሬና ለላም የበጋ ቀለብ ነው፤ ጭቃ ቤትም ያለ እርሱ አይመረግም። ባንዳንድ ዓመት የጭዱ ዋጋ ለገበሬው ከፍሬው የማይተናነስበት ጊዜ አለ። አዳቃዮችም ይህን ስለሚያውቁ ነው ድንክ የሆነውን ትተው መካከለኛውን የመረጡት። ነገር ግን ቁመቱ ካጠረ ከእያንዳንዱ አገዳ የሚገኘው ጭድ መቀነሱ የማይቀር ነው። ማዳበሪያውን ያለ ፍርሃት መጨመር ቢቻልና የቡቃያው ቍጥር ቢበዛ ይካካስ እንደሆነ በየገበሬው ማሳ መታየት ያለበት ነገር ነው፤ አፈሩም ከሥፍራ ሥፍራ ይለያያል። ለአድኣ ጥቁር አፈር የሚሆነው ለጎጃም ቀይ አፈር ላይሆን ይችላል።

ለሽማግሌው ይህንኑ ነገርናቸው። እርሳቸው ግን ዐይናቸውን ከተኛው ጤፍ ላይ ሳያነሡ፣ ያን አጭር ጤፍ አንድ ቁና ብታመጡልኝ እዚያ ጥግ ላይ፣ ከዚህኛው ጎን እዘራዋለሁ አሉን። ማዳበሪያ ሁለቱም እኩል ያገኛሉ፤ በኅዳር መጨረሻ ፍሬውንም ጭዱንም ለየብቻ እንመዝናለን፤ እናንተም መጥታችሁ ታያላችሁ ብለው ቀጠሮ ሰጡን። ከዚያ ማጭዳቸውን አንሥተው ከወደቀው ውስጥ ሊተርፍ የሚችለውን ለማየት ወደ ማሳው ገቡ።